ትልቁን ሸጠን ትንሹን ለዘር አስቀረን

አጎቴ የበቆሎ ዘር ሲመርጥ ማየት እወዳለሁ። አዝመራው ገብቶ ቤተሰቡ ሁሉ ሲፈለፍል፣ እሱ ክምሩ አጠገብ በርጩማውን አስጠግቶ አንድ አንዱን እያነሳ ያገላብጣል። ፍሬው ጢም ብሎ የሞላውን፣ ረድፉ ያልተዛነፈውን፣ ነቀዝ ያልደፈረውን ለብቻ ያስቀምጣል። ከዚያ ልባሱን እርስ በርስ ቋጥሮ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። እስኪዘራ ድረስ ጭስ እየጠጣ ይቆያል። በመሀሉ ጎታው ቢራቆት እንኳ ያን በቆሎ የሚነካ የለም። "ዘር ነው" ከተባለ አለቀ።

ይኸው አጎቴ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የዓሣ ኩሬውን በተቃራኒው ሲያስተዳድር የኖረው። እኔም አብሬው ነበርኩ። እንዲያውም ጥፋቱ ለሁለት ይከፈል ቢባል የእኔ ድርሻ ሳይበዛ አይቀርም። ገንዘቡን ያዋጣሁት፣ "ጋሼ፣ ዓሣ እናርባ" እያልኩ የወተወትኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ የሚኖረው ዝዋይ አካባቢ ነው። ከተማው ባቱ ከተባለ ቆይቷል፤ አፌ ላይ ግን አሁንም የሚቀድመው ዝዋይ ነው። ሽንኩርት የሚያጠጣበት፣ ጂኦመምብሬን የሚሉት ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ አለው። ወርዱ 10 ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር። ውሃው ዝም ብሎ ፀሐይ ከሚሞቅ ብለን 300 የቀረሶ ጫጩት ገዝተን ጨመርንበት። ቆሮሶ የሚለውም አለ። ቲላፒያ የሚባለው ማለቴ ነው፤ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሙሉ ዓሣ ጥብስ ስታዙ ጎንና ጎኑ ተበጥቶ ሰሃን ላይ ተጋድሞ የሚመጣላችሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ፌሽታ ነበር። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እያቀመስን አሳደግናቸው። ስምንተኛው ወር ላይ ሁዳዴ ገባ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ ገበያው ለራሱ ወስኖ ጨርሷል። መረብ ጣልን፣ ነጋዴዋ መጣች፣ ትልልቁን እየለየች ወሰደች። ትንንሹን "ይደግ" ብለን መለስነው።

"ይደግ" የሚለው ቃል ደግ ይመስላል። ማን ይቃወመዋል? እኔም ያኔ ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጫጩት መግዛት አላስፈለገንም። ኩሬው ራሱ ፈላ። ዳሩ ላይ ቆመህ ስታይ ውሃው በጥቃቅን ዓሣ ይርመሰመሳል። አጎቴ "በረከት ነው" አለ። እኔ በሙያዬ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የጫጩት ወጪ መቅረቱን ደስ ብሎኝ መዘገብኩ። ለመሸጥ ስናወጣ ግን ዓሣው አነሰ። መዝግቤዋለሁ፤ መጀመሪያ ዓመት የሸጥነው በአማካይ 210 ግራም ነበር፣ ሁለተኛው ዓመት 140። ሦስተኛው ዓመት 90 ግራም ሲመጣ ነጋዴዋ አንዱን በጅራቱ አንጠልጥላ አየችውና "ይሄማ አጥንቱ ነው የሚሸጠው" ብላ ሄደች። በየዓመቱ የተሻለውን ሸጠን የቀረውን "ይደግ" ብለን መልሰናል።

በዚያ ሰሞን አንድ የዓሣ ባለሙያ ጋር ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ቁጥሮቼን ዘርግፌ ነገርኩት። ስለ ምግቡም ስለ ውሃውም አልጠየቀኝም። "ለዘር የምታስቀሩት የትኛውን ነው?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ለዘር ያስቀረነው የለም። ያስቀረነው ያልተሸጠልንን ነው።

ሰውዬው ፍትሐዊ ነበር፤ ሁሉንም በዘር ላይ አላላከከም። ቀረሶ ሞቅ ያለ ኩሬ ውስጥ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል አለኝ። ሴቷ የተዳቀለውን እንቁላል ለቅማ አፏ ውስጥ ትይዛለች፤ ተፈልፍሎ ራሱን እስኪችል ድረስ አፏ ውስጥ ታሳድረዋለች። ሌላው እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፤ የቀረሶው ግን በእናቱ አፍ ነው የሚጓዘው። እንዲህ የምትንከባከብ እናት ልጆቿ አያልቁባትም። ኩሬው ይጨናነቃል፣ ምግቡ አይዳረስም፣ ሁሉም ድንክ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከ210 ወደ 90 የወረድነው በአብዛኛው በመጨናነቁ ነው። "ግን" አለ፣ "በዚሁ ከቀጠላችሁ ውሃው ቢሰፋላቸውም የማያድጉ ይሆናሉ። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማህም?"

ተረቱን ስለ ሰው እንጂ ስለ ዓሣ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሳልተኛ ነጋ።

መጀመሪያ የገረመኝ የሰው ልጅ ምን ያህል እንደዘገየ ነው። ላም፣ በግ፣ ዶሮ፣ ስንዴ ሁሉ በሺህ ዓመታት ሲመረጥ ኖሯል። ዓሣ ላይ ግን፣ የቻይና ካርፕንና የመሳሰሉትን ጥቂቶች ትተን፣ ሥራው በሳይንስ መልክ የተያዘው በእኔ ወላጆች ዕድሜ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሃራልድ ሸርቮል የሚባል ፕሮፌሰር ነበር፣ የከብት ማዳቀል ሊቅ። የሳልሞን ዓሣ እርባታው ገና ዳዴ ሲል "ላም ላይ የሠራው ዓሣ ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም" የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሳ። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ሱንዳልሶራ በተባለ ቦታ ሥራ ጀመሩ። ከ40 ያህል የኖርዌይ ወንዞች የዱር ሳልሞን እንቁላል ሰበሰቡና እያንዳንዱን ቤተሰብ በየገንዳው ለብቻው አሳደጉት።

ሳልሞን አንድ ትውልድ ለመተካት አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አስቡት፣ አንድ ምርጫ መርጠህ ልክ መሆንህን ለማወቅ አራት ዓመት መጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት አምስት ትውልድ የተመረጠውን ሳልሞን ከዱሩ ጋር ጎን ለጎን አሳድጎ አወዳደረ። የተመረጠው ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ብልጫው 113 በመቶ ነበር። የበላው ግን በ40 በመቶ ብቻ ነው የጨመረው። እዚህ ጋ የሂሳብ ሠራተኛ ልቤ ቆመ። ዓሣው የበላውን ወደ ሥጋ መቀየር ላይም ጎብዟል። ማንም በመኖ ቆጣቢነት አልመረጠውም፤ በፍጥነት ሲመርጡት ቁጠባው ተከትሎ መጣ።

ወደ ቀረሶ ልመለስ። ይሄኛው ታሪክ ለእኛም ቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እስያ ውስጥ ቲላፒያ በስፋት ይረባ ነበር። ዓሣው ግን የአፍሪካ ነው። ወደዚያ የተወሰዱት ጥቂት ስለነበሩ ዘራቸው ጠበበ። በዚያ ላይ ዝቅተኛ ዕድገት ካለው ከሞዛምቢክ ቲላፒያ ጋር ተደባለቁ። በአጭሩ፣ በአገር ደረጃ የእኛን ኩሬ የመሰለ ነገር ተፈጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ዛሬ ወርልድፊሽ የሚባለው የምርምር ተቋም፣ ከፊሊፒንስ መሥሪያ ቤቶችና ከእነዚያው ኖርዌጂያኖች ጋር ሆኖ ሥራ ጀመረ። ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የዱር ዓሣ በአውሮፕላን ተጫነ። ፊሊፒንስ ውስጥ ሲረቡ ከነበሩ አራት ዝርያዎች ጋርም ተወዳደረ።

ስንት ዓመት ኩሬ የለመደው ያሸንፋል ብሎ ነበር ብዙ ሰው የሚጠብቀው። የግብፅና የኬንያ የዱር ዓሦች ግን ከለማዳዎቹ አላነሱም፤ አንዳንዴም በለጡ። ይህን ሳነብ እውነቱን ለመናገር አልጋዬ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። የጋናው እዚያ ውድድር ላይ አልቀናውም፤ እሱን ወደኋላ አነሳዋለሁ።

ከዚያ ስምንቱንም እርስ በርስ አዳቀሏቸው፤ ስምንት በስምንት፣ 64 ዓይነት ጥምረት። መዳቀሉ ብቻውን ያመጣው ብልጫ ትንሽ መሆኑን አዩ። አንድ ጊዜ አዳቅሎ መገላገል አይቻልም፤ በየትውልዱ መምረጥ ግድ ነው። ከ64ቱ የተሻሉትን 25 ወስደው መነሻ አደረጉና ምርጫውን ጀመሩ። አምስት ትውልድ ሲያልፍ የዕድገት ብልጫው ከ80 በመቶ በላይ ደረሰ። ጊፍት የሚባለው ቲላፒያ ይሄ ነው።

አሠራሩ አጎቴ በቆሎ ላይ ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም። አንድ ነገር ግን ይከብዳል። በቆሎ ቆሞ ይጠብቅሃል። ዓሣ ግን ውሃ ውስጥ ነው፣ ሁሉም ይመሳሰላል፣ አባቱ ማን እንደሆነ አይነግርህም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቤተሰብ ሃፓ በሚሉት፣ ከጥቅጥቅ መረብ በተሠራ ሳጥን መሰል ነገር ውስጥ ለብቻ ያሳድጋሉ። ምልክት ለመሸከም ሲደርሱ እያንዳንዷን ዓሣ ምልክት ያደርጉባታል። ዛሬ ዛሬ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ ነው ሥጋዋ ውስጥ የሚከቱት። ከዚያ ሁሉንም አንድ ኩሬ ውስጥ ደባልቀው፣ አንድ ዓይነት መኖ አብልተው፣ ጊዜው ሲደርስ አውጥተው ይመዝናሉ።

"ታዲያ ትልልቁን መርጦ ማዳቀል ነው፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድነው?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ወንድ ቀረሶ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋል፤ ዝም ብለህ ትልልቁን ብትለቅም ወንዶች ብቻ ሰብስበህ ትመለሳለህ። በሁለት ሳምንት ቀድሞ የተፈለፈለው ደግሞ ታናናሾቹን እየገፋ ይበላና ይገዝፋል፤ ጉልበቱ የልደት ቀኑ እንጂ ዘሩ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተመረጡት ሁሉ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ወንድምና እህት አጋብተህ ሁለተኛው ሦስተኛው ትውልድ ላይ ዋጋውን ትከፍላለህ። መዝገቡ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መዝገብ ሲባል ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ሠራሁት። የኩሬው አማካይ 200 ግራም ነው እንበል። ለዘር የተመረጡት አማካያቸው 300 ነው። ልዩነቱ 100 ግራም። ከዚህ ውስጥ የሚበዛው የዕድል፣ የምግብና የቦታ ጉዳይ ነው፤ 30 በመቶው በዘር የሚተላለፍ ቢሆን ልጆቹ 230 ግራም አካባቢ ይሆናሉ። 15 በመቶ ትርፍ። ትንሽ ይመስላል። የሚቀጥለው ትውልድ ግን የሚነሳው ከ230 ነው። በወለድ ላይ ወለድ ማለት ነው፤ አምስት ትውልድ ላይ እጥፍ ሊሆን ይደርሳል። የእኛ ኩሬ ደግሞ ይህንኑ ወለድ ለሌላ ሰው ሲከፍል ኖሯል።

ባህርና ሐይቅ ላይም ይሄው ነው። ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ አካባቢ የሚጠመደው ኮድ ዓሣ አልቆ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመድ ከመታገዱ በፊት፣ ዓሦቹ በለጋ ዕድሜያቸውና በትንሽ ቁመናቸው መራባት ጀምረው ነበር። ትልቅ ከሆንክ መረብ ውስጥ ነህ፤ ሳታድግ ከወለድክ ግን ዘር ተካህ። የእኛ አጥማጆችም "የድሮው ዓሣ" እያሉ ክንዳቸውን ዘርግተው ሲያሳዩኝ ጉራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እንደዚያ መሳቅ ትቻለሁ።

ይህን ሁሉ አንብቤ አጎቴ ዘንድ ስሄድ መፍትሔውን በእጄ የያዝኩ መስሎኝ ነበር። "ጋሼ፣ በእጥፍ የሚያድግ ዘር አለ" አልኩት።

"የፈረንጅ ላም ልታመጣብኝ ነው?" አለኝ።

ነገሩ ገብቶኛል። ከዓመታት በፊት ጎረቤቱ ብዙ ወተት ትሰጣለች የተባለች ዲቃላ ላም ገዝቶ ነበር። ላሟ እውነትም ጎበዝ ነበረች፤ መኖውም እንደዚያው። ድርቅ ሲመጣ ሀበሻዎቹ ላሞች ቅጠል ቃርመው ወጡት፣ እሷ ግን አልቻለችም። ፈጣን ዓሣም እንደዚያው ነው። ፈጣን የሚሆነው ከፊቱ የሚበላ ሲኖር ነው። ፉርሽካው በተወደደበት፣ የተዘጋጀ የዓሣ መኖ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ ኩሬ ውስጥ የተራበ ሯጭ ይዘህ ትቀመጣለህ።

የአጎቴ ባለቤት እትዬ ደግሞ ሌላ ስጋት ነበራት። "መርፌ የተወጋ ዓሣ ልጆቼን አላበላም" አለች። ረጋ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ይሄ ምርጫ ብቻ ነው፤ አጎቴ በቆሎ ላይ የሚያደርገው። ጫጩቶቹ ሁሉ ወንድ እንዲሆኑ ለጥቂት ሳምንታት ሆርሞን ከመኖ ጋር የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ እሱ ሌላ ነው። የሌላ ዓሣ ዘረመል የገባለት፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈቀደችው ሳልሞንም አለ፤ እሱም ሌላ ነው። እትዬ ሰምታኝ ስታበቃ "ሌላ ሌላ ስትል የመጀመሪያውን ረሳሁት" አለችኝ።

እኔን ግን ሌላ ነገር ነበር የከነከነኝ። ጊፍት የተሠራው ከአፍሪካ ዓሣ ሆኖ ሳለ፣ ለረጅም ዓመታት ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ተቋሙ ራሱ ፖሊሲ ነበረው። እስከ እ.ኤ.አ. 2007 አካባቢ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳነበው ደሜ ፈላ። የእኛን ወስደው፣ አሻሽለው፣ ለእኛ ሲሆን በሩ ተዘጋ? እንደዚያ ብዬ ፌስቡክ ላይ ልጽፍ ጀምሬ ነበር።

ደግነቱ አልለጠፍኩትም። ከኩሬ የማይወጣ ዓሣ የለም። ጎርፍ ያወጣዋል፣ ወፍ ያወጣዋል፣ ልጆች በጀሪካን ይወስዱታል። አፍሪካ ውስጥ ሲያመልጥ ደግሞ የሚገናኘው ከገዛ ዘመዱ ጋር ነው። ኖርዌይ ይህን አይታዋለች፤ ባህር ውስጥ ከሚረቡበት የመረብ ቅርጫት ያመለጡ ሳልሞኖች በብዙ ወንዞች ከዱሩ ጋር ተቀላቅለዋል። የጣናው ቀረሶ እ.ኤ.አ. በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ስም ወጥቶለታል። እንደ እሱ ያለው በየሐይቁና በየፍል ውሃው የተቀመጠ ልዩ ልዩ ዘር፣ ነገ ለሚመርጥ ሰው ጎታ ነው። ጎታ ውስጥ ሌላ እህል አይገለበጥበትም።

እነ ጋናና ግብፅ የያዙት መንገድ ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል። ዓሣውን ሳይሆን ዘዴውን ወሰዱ። ያ ፊሊፒንስ ላይ ያልቀናው የጋና ዓሣ አገሩ ላይ፣ ከቮልታ ተፋሰስ ተሰብስቦ፣ በትውልድ ምርጫ አኮሶምቦ የሚባል የተሻሻለ ዝርያ ሆኗል። ግብፅም አባሳ የሚባል የራሷን አውጥታለች። እኛ ጋ ሰበታ ላይ የምርምር ማዕከል አለ፤ የየሐይቁን ቀረሶ አሳድጎ የማወዳደር ሥራም ተሠርቷል። ከማወዳደር አልፎ ትውልድ እየቆጠሩ መምረጥ ግን ዓመት በዓመት የማይቋረጥ በጀትና ሰው ይፈልጋል። አንድ ዓመት ደመወዝ ቀርቶ መዝገቡ ቢቋረጥ፣ ሳይንስ የነበረው ነገር ተመልሶ "ይደግ" ይሆናል።

ለማንኛውም እኛ ከአቅማችን ጋር የሚሄደውን አደረግን። በበጋ ኩሬውን አደረቅነው። ድንክዬዎቹን ጠብሰን ጎረቤት ጠራን፤ ነጋዴዋ እንዳለችው አጥንቱን ነበር የበላነው። ከዚያ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ ዕድሜያቸው እኩል የሆኑ ጫጩቶች ገዛን። ከዚህ ቀደም የገዛንበት ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ የሦስት ወሩንና የሦስት ሳምንቱን አንድ ባልዲ ውስጥ ነበር የሰጠን። ከጓሮ ትንሽ የዘር ኩሬ ቆፈርን። ስድስተኛው ወር ላይ መረብ ጥለን ወንዱን ለብቻ፣ ሴቱን ለብቻ መዘንን። ከየወገኑ የተሻሉትን፣ 15 ወንድና 30 ሴት፣ ወደ ጓሮ አዛወርናቸው። ባለሙያው "ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ከሌላ ቦታ ቀላቅሉበት" ብሎናል።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ያቺው ነጋዴ ተመልሳ መጣች። የጓሮውን አየችና ዓይኗ ቀረ። ከትልቁ ኩሬ ከሰጠናት ዋጋ ጨምራ ልትወስዳቸው ጠየቀች። እኔ እንኳ ለአፍታ ሂሳቡን አስቤው ነበር። አጎቴ ቀና ብሎ ሳያያት "ዘር ነው" አላት።

ባለፈው እሑድ ስልክ ደወለልኝ። ድምፁ ቅር ያለው ነበር። ከጓሮው ኩሬ ትልቁን ወንድ፣ በደብተሬ ቁጥር 7 ያልኩትን፣ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ለቅሞት ሄዷል።

"ሌላ አልነካም?" አልኩት።

"ምን ይነካል" አለኝ። "አርባ ምናምን ዓሣ እያለ ትልቁን ለይቶ ነው የወሰደው። እሱም እንደ ነጋዴዋ ነው።"

አሁን ኩሬውን የምንሸፍንበት መረብ እያፈላለግኩ ነው።